ቆጣሪው ያላየው ሽቦ

የሶላር ሠራተኛውን «ቁንጫ» ይሉታል። ወንበር ሲሰጡት ያመሰግናል፤ አይቀመጥም። ሃያ ዓመት ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ኖሯል። ሚስቱ «ምሳህንም ቆመህ ነው የምትጨርሰው» ትለዋለች። ዛሬ ረፋድ ላይ በጤና ጣቢያው የባትሪ ክፍል ውስጥ ይንቆራጠጣል።

ግድግዳው ላይ ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አሮጌው የባትሪውን ቮልት ብቻ ያሳያል። አዲሱ፣ ቁንጫ ራሱ ከሁለት ሳምንት በፊት የገጠመው፣ የገባውን እየደመረ የወጣውን እየቀነሰ የቀረውን ኃይል በመቶኛ ይናገራል። አሁን አዲሱ 91 ይላል። አሮጌው 11.5። አሮጌው እውነቱን ከሆነ ባትሪው አልቋል። ሰማዩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ደፍኗል።

የክትባቱ ፍሪጅ ሰባት ዲግሪ ደርሷል። ስምንትን ካለፈ የሦስት መቶ ሕፃናት ክትባት ሊበላሽ ነው። እናቶቹ በረንዳው ላይ ልጆቻቸውን አቅፈው ይጠብቃሉ።

«እህስ?» አሉ ዋና ነርሷ በሩ ላይ ቆመው።

«አሮጌው እየቃዠ ነው፣ ሲስተር። ቮልት እኮ እንደ ሰው ፊት ነው፤ ፀሐይ ሲያገኝ ይፈካል፣ ሥራ ሲበዛበት ይጠቁራል። የሆዱን አይነግርዎትም። አዲሱ ግን አንድ በአንድ ይቆጥራል።»

«ፍሪጁ መቶኛህን አልሰማም መሰለኝ። እየሞቀ ነው።»

ነገሩ ከነከነው። በጉልበቱ ወርዶ ሽቦዎቹን በጣቱ ተከተለ። የመብራቱ በአዲሱ ቆጣሪ በኩል ያልፋል። የኮምፒውተሩም ያልፋል። የፍሪጁ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሽቦው ቆጣሪውን ዘልሎ በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ታስሯል። ያሰረው ራሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቋረጥ ፍሪጁ አይቋረጥ ብሎ፣ ለብቻው መስመር አውጥቶለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፍሪጁ ባትሪውን ሲመጥ ቆጣሪው አላየም።

«ሲስተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥን ያዛውሩት። አሁኑኑ።»

«ክትባቱ ከተበላሸ በኋላ ብትነግረኝ ኖሮ አንቅህ ነበር» አሉ፤ ሳጥኑን ግን መጎተት ጀምረዋል።

የሳጥኑ ቴርሞሜትር አራት ሲል እሳቸው እፎይ አሉ። እሱ አላለም። ሽቦውን ፈትቶ በቆጣሪው በኩል አሰረው።

«ባትሪው ሞልቶ ቆጠራው እንደገና እስኪስተካከል አዲሱን አይመኑት። አሮጌውን ይዩ።»

ይህን ለማለት ምላሱ ከብዶት ነበር። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ለአራት ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም በዚሁ «ጥንቃቄ» ገጥሞላቸዋል። ሞተር ሳይክሉ ላይ ወጥቶ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ እንደተከለ፣ ከአራቱ ለመጀመሪያው ጣቢያ ነርስ ደወለላት።

«የመለኪያውን አትንገሪኝ፣ እህቴ፤ የፍሪጁን ዲግሪ ንገሪኝ።»

«መለኪያው እኮ 94 ነው የሚለው፤ ምን ሆንክ?»

«ዲግሪውን!»

«እሺ፣ ቆይ ልየው» አለችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሄደች። ኮቴዋ ሲርቅ ሰማ። መልሷን ሳይጠብቅ ወደ እሷ ጣቢያ ለመሄድ ሞተሩን አስነሳ።