የሞራጇ ዘጠኝ ቀን

በዚያ ረጅም የብረታ ብረት ቤት የሚሠሩ በያጆች ከሚስቶቻቸው ብዙ ነገር ይደብቁ ይሆናል፤ ከሞራጇ ግን ምንም መደበቅ አይችሉም ነበር። የትኛው ተጣልቶ እንደመጣ፣ የትኛው ለምሳ እንደቸኮለ፣ የትኛው ወሬ እያወራ እንደበየደ፣ አውራ ጣቷን በብየዳው መስመር ላይ አንዴ ከሳበች አያመልጣትም። ከመጨረሻው መስኮት ሥር፣ ግራይንደሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ሥራ ስታስተካክል ኖራለች።

ቤቱ የሚሠራው የስቴንለስ ዕቃ ነው፦ የሆስፒታል ጠረጴዛ፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ የሆቴል መደርደሪያ። በያጆቹ ላሜራውን ቆርጠውና አጥፈው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው ይበይዱታል። ሲጨርሱ መገጣጠሚያው ላይ እንደ ጠባሳ ያበጠ ነገር ይቀራል። ያንን እብጠት ሞርዶና ወልውሎ ብረቱን መስታወት ማስመሰል የእሷ ፋንታ ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ቅንድቧም ሽፋሽፍቷም ግራጫ ስለሚሆን ባልደረቦቿ «አቧሪት» ይሏታል። አልከፋትም። እዚያ ቤት ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ሰው አለ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው «ነገ ና» ነው የሚባለው።

አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራት፤ እሱም ክፍተት ነው። ዋናው በያጅ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው፣ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላታቸውም አይክድም። ላሜራ አስተካክሎ መግጠም ግን ሞታቸው ነው። በሁለቱ ጠርዞች መካከል ክፍተት ከቀረ በሚቀልጥ የብየዳ ዘንግ፣ በኤሌክትሮድ፣ ይሞሉታል፣ የሞሉት ያብጣል፣ ያበጠውን እሷ ትሞርዳለች።

«ጋሼ፣ ይቺን ክፍተት ትንሽ ቢያጠቧት ምናለ?» ትላቸዋለች። «ግማሽ ቀኔን እኮ ነው የምትበላው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ይላሉ ጋሼ፣ መልሱን ሰባት ጊዜ ብለውት ስምንተኛውም እንደሚያስቅ እርግጠኛ ሆነው። ቤቱ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅና ግማሽ ቀን ትሞርዳለች።

ረቡዕ ጠዋት አለቃ አዲስ መሣሪያ አስመጣ። አለቃ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ሞራጇ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲመላለስ የምታውቀው ሰው። መሣሪያው ጎማ ያለው፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ የሚያህል ሳጥን ነው። ከሳጥኑ ወፍራም ገመድ ይወጣል፣ ከገመዱ ጫፍ ላይ ከፀጉር ማድረቂያ የማይበልጥ ሽጉጥ መሰል እጀታ አለ። አብሮት የመጣው ቴክኒሻን ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነበር፤ የብረት ብልጭታ ነክቶት እንደማያውቅ ያስታውቃል።

«የእጅ ሌዘር ብየዳ ነው» አለ። አንዱን ጥግ በልዩ መጋረጃ ከለለ፣ ለተመልካቹ ሁሉ አረንጓዴ መነጽር አደለ፣ ሁለት ላሜራ አጋጠመ። ሽጉጡን ብረቱ ላይ አስነክቶ ጎተተው። ሰው ትንፋሹን ስቦ እስኪለቅ ድረስ አለቀ። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ፣ እብጠት የለው ጠባሳ የለው።

አለቃ አውራ ጣቱን ሳበበት። «ይሄ አይሞረድም?»

«ምኑ ይሞረዳል?» አለ ቴክኒሻኑ፣ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ጠረግ እያደረገ። «ጨርቅ ይበቃዋል። ሞረዳ ድሮ ቀረ።»

አሥራ አራት ራስ ወደ ሞራጇ ዞረ። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ሟቹን በር ላይ ቆሞ ያገኘ ሰው እንኳ እንደዚያ አያይም። እሷ ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ፊቷ እምቢ አላት። ወደ መስኮቷ ተመለሰችና አንዲት የተሞረደች ገንዳ እንደገና ሞረደች።

አለቃ ምንም አላላትም። መጥፎ ሰው ቢሆን በቁርጥ ያሰናብታት ነበር፤ ደግ ስለሆነ ዝም አለ፣ ዝምታው ደግሞ ዘጠኝ ቀን አንጀቷን አሳረረው። ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር «ደህና ነሽ?» ይላታል፣ ዓይኑ ግን ጣሪያ ላይ ነው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የምታውቀው ሥራ አንድ ነው። ልጇ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷት የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ናት። የባሏ ልብስ ስፌት ደግሞ ብቻውን ያንን ሁሉ አይሸከምም። በምሳ ሰዓት ሹልክ እያለች ሁለት ብረታ ብረት ቤት ጠየቀች። አንዱ «እኛም ያንኑ መሣሪያ እያስመጣን ነው» አላት። ሌላኛው ዕድሜዋን ጠየቃትና ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

ለባሏ አልነገረችውም። እሱ ጭንቀት የማይችል ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ የደንበኛ ኮት እጀታ ሲያጥርበት ሦስት ሌሊት አልተኛም። «ነገ እነግረዋለሁ» አለች። ነገ ሲመጣም እንደዚያው አለች።

ቴክኒሻኑ ሁለት ቀን ጋሼን አሠልጥኖ ሄደ። ከዚያ ለአንድ ሆስፒታል የታዘዙት ጠረጴዛዎች ተጀመሩና ጉድ ፈላ። ጋሼ ሽጉጡን ይዘው የመጀመሪያውን ማዕዘን ሲጀምሩ ላሜራው ተበሳ። ኃይሉን ቀነሱ፣ አልያዘም። ጨመሩ፣ ባሰ። ሽቦ የሚመግበውን ክፍል ከፈቱት፣ ጉብታ ሠራ። በሦስት ቀን ውስጥ የተበላሸ ላሜራ ጥግ ላይ ተቆለለ።

«ይሄ ለማሳያ የተሠራ ነው እንጂ ለሥራ አይደለም» አሉ ጋሼ ላብ በላብ ሆነው። አለቃ ቴክኒሻኑ ጋ ደወለና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አሰማቸው።

«ክፍተቱ ስንት ነው?» አለ ቴክኒሻኑ በስልክ።

«የምን ክፍተት?» አሉ ጋሼ፣ ሰው ስለ እናታቸው ክፉ የተናገረ ያህል ተቆጥተው። ስልኩ እዚያው ላይ ተዘጋ።

ሞራጇ ከመስኮቷ ሥር ሁሉንም ትሰማለች። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምሮ ነገሩ ገብቷታል። ያ መሣሪያ የሚያቀልጠው የብረቱን ጠርዝ ራሱን ነው፤ ሁለቱ ጠርዞች ካልተነካኩ የሚቀልጥ ነገር የለም፣ ይበሳል። ሽቦው ቢያግዝም የፀጉር ያህል ክፍተት ይሞላል እንጂ የጋሼን ክፍተት አይሞላም። ይህን አወቀች፣ አፏንም ዘጋች። እንዲያውም ላሜራ በተበሳ ቁጥር ልቧ ውስጥ አንዲት ክፉ ደስታ ብቅ ትላለች። መሣሪያው ከተመለሰ እሷ ትቀራለች። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሷ ባደላ ምን አለበት? አለች። እኔም አልፈርድባትም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ አለቃ የተበሳ የጠረጴዛ ማዕዘን ይዞ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። «መሣሪያቸውን ሰኞ መጥተው ይውሰዱት» አለ። «በአሮጌው እንሠራለን። ካልደረሰልን ትዕዛዙን እንመልሳለን፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ያ ነበር እንግዲህ ስትለምነው የሰነበተችው ቃል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አለቃ ግን ማዕዘኑን እጁ ላይ ያገላብጠዋል፣ እሷም ታየዋለች። ጠርዙ ወጣ ገባ ብሎ፣ በመካከሉ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አፉን ከፍቷል። አሥራ ስምንት ዓመት የተበላሸ ነገር አይታ አልፋ አታውቅም። እጇን በላት። ለራሷ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያለች እግሯ ተነሳ።

ከክምሩ ላይ ሁለት ላሜራ መረጠች። ሞርሳው ላይ አሠረችና ግራይንደሯን ትታ በእጅ ሞረድ ጠርዛቸውን ታስተካክል ጀመር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሞረደች። ሲያበቃ ሁለቱን ገጥማ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው፤ በመካከላቸው አንዲት ጨረር አላለፈችም።

«ጋሼ፣ አሁን ይሞክሩት» አለች።

ጋሼ አፍንጫቸውን ነፍተው መጋረጃው ውስጥ ገቡ። አልተበሳም። መስመሩ ግን እንደ ሰከረ ሰው አካሄድ ነበር።

«እጅዎን አያወዛውዙት» አለች። «ሰውዬው ሲያሳየን ብሎ ነበር እኮ፤ ብርሃኑ ራሱ ውስጥ ለውስጥ ይወዛወዛል። እኛ ቀጥ አድርገን መሳብ ብቻ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና እጃቸውን አዩት። «ሃያ ስድስት ዓመት ያወዛወዝኩትን እጅ ዛሬ ቁም ብለው የሚሰማኝ ይመስልሻል?» አሉ። ቁጣው ግን ወጥቶላቸው ነበር። ሽጉጡን ዘረጉላት። «እንቺ። አንቺው ሞክሪው።»

ሽጉጡ ከግራይንደሯ ጋር ሲወዳደር ምንም አይመዝንም። እሷ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራችው ሥራ ከባድ ነገር ይዞ፣ ሳይቸኩሉ ሳይዘገዩ፣ በቀጥታ መስመር መሳብ ነው። መነጽሯን አደረገች፣ ጫፉን ብረቱ ላይ አስነካች፣ ሳበች። በዚያች ቅጽበት ምንም አላሰበችም፤ ስለ ደመወዝም ስለ ልጇም አላሰበችም።

አለቃ አውራ ጣቱን በመስመሩ ላይ ሳበ። ከዚያ ጋሼ ሳቡ። ከዚያ «ነገ ና» እንኳ ከግምጃ ቤቱ ወጥቶ ሳበ።

«ከነገ ጀምሮ መግጠሙም መበየዱም የአንቺ ነው» አለ አለቃ። «ጋሼ ወፍራም ብረቱን በኤሌክትሮድ ይይዛሉ፤ እሱን ማንም አይችልላቸውም።» ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጣሪያ ሲያይ የከረመ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። «እኔ እኮ እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ተይው። አለፈ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባችና በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት፣ ፈርታ ስለነበር፣ ሦስት ቀን እያወቀች ዝም በማለቷም አፍራ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ክፍተት አጥብቡ ስትይ የከረምሽው ለዚህ ነው?» አሏት።

«እኔማ ለግማሽ ቀኔ ብዬ ነበር ጋሼ» አለቻቸው። ተሳሳቁ።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሱቁን ዘግቶ ገብቷል። እራት ሠርታ አቀረበች። ባልየው አንድ ማንኪያ ጎረሰና ቀጥ አለ። ሁለተኛ ጎረሰ። ፊቱ ሲበራ አየችው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን ሆንክ?»

«ዛሬ ጨው አለው?» አለ፣ በፍርሃት።

«መቼ ነው የማይኖረው?»

«ስምንት ቀን አልነበረውም።»

እሷ እነዚያን ቀናት በጭንቀት ጨው ትርሳ አትርሳ፣ የምትበላውን መች አውቃው? ማንኪያዋን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ መሣሪያውን፣ የዞሩትን አሥራ አራት ራሶች፣ የጠየቀቻቸውን ቤቶች፣ የዛሬውን። ባልየው አፉን ከፍቶ ሰማ። ስትጨርስ ከደረት ኪሱ አንዲት የታጠፈች የክሊኒክ ካርድ አወጣ። ቀጠሮው ለማክሰኞ ነው።

«እኔ ምላሴ የሞተ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንድ የማውቀው ሰው እንደዚህ ጀምሮት ነው የከፋበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ። አንቺስ?»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እሷ፤ ጎንዋን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድላት ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀና ብላ አየችው። ያ ሰው ስምንት ቀን ሙሉ ጨው የሌለውን ምግብ አንድም ሳያስተርፍ እየበላ፣ በየምሽቱ «እጅሽ ይባረክ» ይላት ነበር።