የካርቦን ፎርክ ፍለጋ፦ ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ

ረቡዕ ጠዋት፣ ሰበታ

ከቤት የወጣሁት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጉዞዬ ዓላማ ለኮርሳ ብስክሌቴ የካርቦን ፎርክ መግዛት ነበር። ፎርክ የምንለው የፊት ጎማውን በሁለት እግሩ መሃል የሚይዘውን፣ አንገቱ ደግሞ ወደ ላይ አልፎ ከመሪው ጋር የሚገናኘውን ክፍል ነው። እሑድ የክለብ ማጣሪያ አለ። አሰልጣኛችን ስድስት ሴቶች ይመርጣል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ እሱም «ዘንድሮ ካልገባሽ ከርሞ አልጠራሽም» ብሎ ፊት ለፊት ነግሮኛል።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው ተብሎ ገበሬው ለመሬቱ ሰግቷል፣ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጥቷል። የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ፎርኬም የተጎዳው በዚሁ ሰበብ ነው። ተፍኪ ድረስ ለልምምድ ነድቼ ስመለስ፣ መንገድ ከተዘጋባቸው ድንጋዮች አንዱ ሳይነሳ ቀርቶ ኖሮ ተጋጨሁበት። አልወደቅሁም። ቤት ገብቼ ሳጸዳው ግን እግሩ ከአንገቱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ።

ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፤ ሰው አይቶ ይጠነቀቃል። ካርቦን እንደዚያ አይደለም፤ ደህና መስሎ ይከርምና አንድ ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄም የእህቴን ጥቁር የጥፍር ቀለም አነሳሁና ስንጥቁን ቀባሁት፤ ምክንያቱም አሰልጣኙ ከውድድር በፊት የሁላችንንም ፎርክ በዓይኑ ይቃኛል፣ የተሰነጠቀ ካየም አያስነዳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሌላ ካገኘሁ እሰየው፣ ካጣሁም እሑድ በእሱው እወዳደራለሁ ብዬ ነው ጉዞ የጀመርኩት።

ኪሴ ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ የአንገቱን ቁመት ለክቼ የቋጠርኩት ክር፣ የመፍቻ ቁልፎች፣ አንድ ብር ሳንቲም። እስከ አየር ጤና ታክሲው በእጥፍ ዋጋ ጫነን። ረዳቱ «እኛ አልጨመርንም፤ መንገዱ ነው የጨመረው» አለ። ማንም አልተከራከረውም። ዓለም ገና ላይ አስፋልቱ ጎማ በተቃጠለበት ቦታ ጠቁሯል፤ የፋብሪካዎቹ በር ተዘግቷል። ድንች ሻጮቹ ግን እንደወትሮው መንገድ ዳር ተደርድረው ነበር።

አራት ሰዓት፣ ቡራዩ

ቡራዩ የደረስኩት ሦስት ታክሲ ቀይሬ ነው። ሀጂ ከማል የብስክሌትና የሞተር መለዋወጫ ይሸጣሉ። አባታቸው ከጅማ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ የክለብ ልጆች ሁሉ እሳቸው ጋ እንሄዳለን። የዚያን ቀን የብረት መዝጊያውን እስከ ወገብ ድረስ ዝቅ አድርገውት ስለነበር ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

«እንደምን አደሩ፣ ሀጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። በዚህ ቀን ምን እግር ጣለሽ?»

«ፎርክ ፈልጌ ነው። ካርቦን።»

«አገሩ ሁሉ ዱቄትና ዘይት ይገዛል፣ አንቺ ፎርክ» አሉና መሰላላቸውን ሳቡ።

ሁለት ፎርክ አወረዱልኝ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፤ አዲስ በእኛ አቅም አይታሰብም። የመጀመሪያው ቀይ መስመር ያለው፣ ቀላል፣ ዓይን የሚገባ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሳንቲሜን አወጣሁና ከላይ እስከ ታች ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግሁት። ጤነኛ ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ውስጡ የተላቀቀ ከሆነ ግን ካርቶን እንደመምታት ይሆናል። የግራ እግሩ መሃል ላይ ካርቶን ሆነ። ሀጂም ሰሙት። ፎርኩን ተቀብለው ከጠረጴዛው ሥር ወረወሩትና «ይሄ ከእንግዲህ አይሸጥም» አሉ።

ሁለተኛው ከጫፍ ጫፍ ጥርት ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ። በክሬ ስለካው ግን አንገቱ ከቋጠሮዬ በሁለት ጣት አጠረ።

«ትንሽ ነገር ናት እኮ፣ ሀጂ። መሪውን ዝቅ ባደርገውስ?»

«ረጅም ይቆረጣል፤ አጭር አይቀጠልም» አሉ። «መሪው ምኑን ይጨብጥልሻል? እሑድ ወድቀሽ ሰኞ እናትሽ እኔ ጋ ትምጣ?»

እሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና ሱሉልታ ያለ ለሚ የሚባል ተወዳዳሪ ትዝ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ረጅም አንገት ያለው ካርቦን ፎርክ ሸጠውለታል። የልጁ ብስክሌት ትንሽ ነው፤ የተረፈውን አንገት ግን «አይቆረጥብኝ» ብሎ ከመሪው ሥር በቀለበት ሞልቶ ነው የገጠመው።

«የእሱ ላንቺ ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ለእሱ ልኩ ነው። ተለዋወጡ። ብሩን ስጪኝና ይዘሽው ሂጂ፤ ካልተስማማችሁ መልሺልኝ። ለሚ ራሱ እንኳ የለም፣ አባቱን ኦቦ ቶሎሳን አነጋግሪ።»

የት ሄዶ ነው ስላቸው ወደ በሩ አዩና ፎርኩን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ።

ሰባት ሰዓት፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ

ፎርኩን በጋዜጣ፣ ጋዜጣውን በነጠላ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አስሬዋለሁ። እንዳይጫር ብዬ ነው። በዚያ ሰሞን ረጅም ነገር ሸፍኖ መጓዝ ምን እንደሚመስል የገባኝ ዳገቱ ላይ ፍተሻ ሲያስቆመን ነው። አንዱ ወታደር እኔን ብቻ ለይቶ ከታክሲው አወረደኝ።

«ምንድነው ጀርባሽ ላይ ያለው?»

«የሳይክል ዕቃ ነው።»

«ፍቺው።»

ፈታሁት። ወታደሩ ተቀበለኝና ገለባበጠው፤ ከዚያ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ መዘነው።

«ይሄ ብረት ነው?»

«ካርቦን ነው። ቀላል ነው፣ ጠንካራም ነው።»

«አይሰበርም?»

«ይሰበራል» አልኩት። ሳቅ አለና መለሰልኝ። መልሼ አልጠቀለልኩትም።

ከሱሉልታ መግቢያ ላይ ደግሞ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል። ሾፌራችን አስቀድሞ ከፊት መስታወቱ ላይ ለአጋርነት ምልክት ለምለም ቅጠል ሰክቶ ነበር። አንዱ ወጣት በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ኤሳ ዱፍቴ?» አለኝ። ከሰበታ እንደመጣሁና ኦቦ ቶሎሳ ቤት እንደምሄድ በኦሮምኛ ነገርኩት። የኦቦ ቶሎሳን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቤታቸውን በጣቱ አሳየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሱሉልታ

ኦቦ ቶሎሳ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከማሳቸው ጫፍ ላይ ነው። ማሳው መሃል ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል አየሁ። «ማን እንደተከለው የነገረኝ የለም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ እርጎ በትልቅ ጣሳ ቀረበልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና ጣሳውን ሳላስቀምጥ ጨረስኩት።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አንሶላ ለብሷል። ለሚ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተይዞ ከሄደ ወር እንዳለፈው የነገሩኝ አንሶላውን እየገፈፉ ነው። የት እንዳለ አያውቁም። ጎማውን ተጫንኩት፤ ድንጋይ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እነፋዋለሁ። ሲመጣ ተንፍሶ እንዳያገኘው» አሉ። «የተፈታ ዕለት ነው እንጦጦ ወጥቶ ቁልቁለቱን የሚወርደው። አውቀዋለሁ።»

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ፎርኩን ፈታሁት። በክሩ ለካሁት፤ ልክ ቋጠሮዬ ላይ መጣ። ልቤ እሑድን አየች። ሳንቲሜን አውጥቼ ከታች ጀመርኩ፦ ጥርት፣ ጥርት፣ ጥርት። እግሩ ከአንገቱ ከሚገናኝበት ስደርስ ካርቶን። ወደ በሩ ብርሃን ወስጄ አዘነበልኩት። እዚያች ቦታ ላይ ጥቁሩ ከሌላው ጥቁር ይበልጥ ያበራል። ያቺን አበራር አውቃታለሁ። በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት ተላጠች፤ ከሥሯ ስንጥቁ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። «ለእኔ አይሆንም» ብዬ መልሼ ገጥሜው፣ የሀጂን ፎርክ ይዤ መሄድ እችላለሁ። ልጁ ስንጥቁን ያውቀዋል፣ የራሱ ጉዳይ ነው። አባት ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ምን ያደርግላቸዋል? ነገር ግን የተነፋው ጎማ ዓይኔ ሥር ነበር።

«ኦቦ፣ ይሄ ፎርክ ተሰንጥቋል። ለሚም ያውቃል፤ በጥፍር ቀለም ሸፍኖታል።»

«ለሚ እኔን አይዋሽም።»

«እኔም የራሴን ቀብቼዋለሁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን?»

«እሑድ እንዳልወዳደር እንዳይከለክሉኝ።»

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሀጂን ፎርክ አንስተው ሳንቲሙን ከእጄ ተቀበሉና ራሳቸው ይመቱት ጀመር። ጆሯቸውን አስጠግተው ከታች እስከ ላይ ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ለልጃቸው እንደሚያስቀሩት ገባኝ። ቀለበቶቹን አውጥቼ ፎርኩን ለለሚ ብስክሌት ገጠምኩላቸው፤ ሀጂ እንዳሉት ልኩ ነው። ለሀጂ የሰጠሁትን ብር ከፈሉኝ፣ አንሶላውን መልሰው አለበሱት።

አሮጌውን ፎርክ ግን ወደ ደጅ ይዘውት ወጡና ድንጋይ ላይ አጋድመው በብረት መጋዝ ቆረጡት። «ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው» አሉ። መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ታክሲው ውስጥ ስገባ በሩን ያዝ አድርገው «ቤትሽ መጋዝ አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«እንግዲህ» አሉና በሩን ለቀቁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰበታ

መንገዱ ሁሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነው የመጣሁት። የማጣሪያው መንገድ ቁልቁለት አይበዛበትም፤ አርባ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እስካሁን የያዘ ፎርክ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? አየር ጤና ላይ ተረትቼ ነበር፤ እነዳዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ሰፈር ደርሼ ስገባ እናቴ «አገኘሽ?» አለችኝ። «ልኬ አልሆነም» አልኳት። ፊቷን ሳይ ያ «ታውቃለች?» የሚለው ጥያቄ መጣብኝ።

ብስክሌቴን ግቢ አወጣሁ፣ ፎርኩን ፈታሁ፣ መጋዙን አነሳሁ። የተቀባው ቦታ ላይ ብዙ መጋዝ አላስፈለገኝም። ጥቂት ስስበው ራሱ ቀጭ ብሎ ተለየ። ስንጥቁ በውስጥ በኩል ከግማሽ በላይ ዞሮ ነበር። እናቴ በድምፁ ወጥታ ቆማ ታየኛለች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለቱን ቁራጭ ተቀብላ አገጣጥማ አየቻቸው፣ ከዚያ እራት እንድበላ ነገረችኝ።

እሑድ መንገድ ዳር ቆሜ ለልጆቹ ውሃ አቀበልኩ። ስድስቱ ተመረጡ፤ እኔ የለሁበትም። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ፎርክ ለመምረጥ ክርና ሳንቲም እንደሚበቃ ድሮም አውቅ ነበር፤ ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ሳንቲሙ የነገረኝን ጮክ ብዬ መናገርን ነው።

ለሚ እስካሁን አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኦቦ ቶሎሳ እደውላለሁ። ስለ ልጁ አልጠይቃቸውም፤ የምጠይቃቸው ጎማውን ነፍተውት እንደሆነ ነው።

«ነፍቼዋለሁ» ይሉኛል።