ጋልገሎ ያልጠራት ቀጭኔ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለአንተ የምነግርህ ስለምወድህ አይደለም፤ ስለማታውቀኝ ነው። እንድታዝንልኝም አልፈልግም።

የተወለድኩት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። አባቴ ከደጋ መጥቶ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ አራት ቋንቋ ስለማውቅ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጋልገሎ የሚባል፣ ቦሪ ከምትባል መንደር የሆነ ከብት አርቢ አንድ ቀን በሰው ፊት «ይሄ እንግዳ ነው፤ ስለ መሬት ምን ያውቃል?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ቂም ያዝኩ።

በኋላ የመሬት ፕላን የሚያወጡ ባለሙያዎች ከናይሮቢ መጡ። አንድ እንስሳ መርጠው፣ ለእሱ የሚያስፈልገውን መሬት ሊጠብቁና ሌላውንም አብረው ሊያተርፉ ነበር። በቀጭኔና አጋዘን በምትመስለው በአምበራይሌ መካከል ስላመነቱ ሰፈሩን ወክሎ ጋልገሎ ተጠየቀ። ከዛፉ ሥር እሱ፣ ባለሙያዎቹና እኔ ብቻ ነበርን። «አምበራይሌ» አለ። የምትኖረው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ቁጥቋጦው ከተጠበቀ ወፉም ንቡም ይተርፋል አለ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ የባሰ አናደደኝ።

እኔ «ቀጭኔ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። አፌ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ቀጭኔ በምታልፍበት አጥር አይቆምም፤ የምታልፈው ደግሞ ጋልገሎ ለበጋ ብሎ ባጠረው የጥጃ ሣር ላይ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ፕላኑ በቀጭኔ ጸደቀ። አጥሩ ፈረሰ፤ የጎረቤቶቹም ፈረሰ። የሰው ከብት ሁሉ ገብቶ ሣሩን ጨረሰው፤ ዝናቡ ሲዘገይ ጥጆቹ አለቁ። ቁጥቋጦውም ካርታው ላይ ስላልገባ ለከሰል ተመነጠረ። ቀጭኔን መረጠ ተብሎ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን የጋልገሎ ስም ነው። ጎረቤቶቹ «አንተ ነህ ያስፈረስክብን» ብለው ፊት ነሱት። ውሃ የሚጭንበት ግመል እንኳ የሚያውሰው አጣ።

ወደ ማን የመጣ ይመስልሃል? ወደ እኔ። «አንተ ሉጋቸውን፣ ቋንቋቸውን ታውቃለህ። ሴሪካሊ ቢሮ፣ መንግሥት ዘንድ፣ አብረኸኝ ግባና አምበራይሌ እንዳልኩ ንገርልኝ» አለኝ። ገባሁ። ለኃላፊው «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ኃላፊው ፕላኑ አልቋል ብሎ ሸኘን። ደጅ ስንወጣ ጋልገሎ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ።

ያን ጊዜስ ቂሜ የት ነበር? አልነበረም። ቂም ሳይኖረኝ ነው የደገምኩት።

አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ቦሪ ነው ያለው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አልሄድኩም።