ዙህራን ማን ዳራት?

ዙህራ ቱርክኛ መማር የጀመረችው የስኮላርሺፑን ማመልከቻ ከመሙላቷም በፊት ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቷን ወይዘሮ ካሚላን «ጉናይዲን!» እያለች ትቀሰቅሳቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ብርድ ልብሱን ፊታቸው ላይ እየሳቡ፣ «እንዴት አደርሽ ብትይኝ ምን ይቀርብሻል?» ይሏታል።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የኮሌጅ ትምህርቷን በኬሚስትሪ ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከቀበና ወንዝ በጠርሙስ ውሃ እየቀዳች ላቦራቶሪ ስትመላለስ ያዩዋት ጓደኞቿ «ጸበል አመላላሿ» ይሏታል፤ እሷ ግን ግድ የላትም። የተበከለ ውሃ እንዴት እንደሚጣራ ለማጥናት የምትሄድበትን ቦታ መርጣ ጨርሳለች። ቱርክ፣ ኢዝሚር፣ ሁለት ዓመት፣ ከነመኝታው። የላቦራቶሪውን ፎቶ ከማየቷ ብዛት መስኮቶቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች።

አባቷ አቶ አብዱልሃኪም ፒያሳ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፍተዋል። የድሮ ሱቃቸው ከነመደዳው ከፈረሰ ወዲህ፣ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ፍቅሬ ከሚባል ልብስ ሰፊ ጋር ተጋርተው ይሠራሉ። ፍቅሬ ሳይቀልድ የማይውል ሰው ነው። ዙህራን ባያት ቁጥር «ሠርግሽን መቼ ነው የምንበላው?» ይላታል፤ እሷም «አንተ መጀመሪያ የራስህን አብላን» ትለዋለች።

ቤቱ ውስጥ ስሙ የማይነሳ አንድ ልጅ አለ። ታላቅ ወንድሟ ሱሀይብ ከአምስት ዓመት በፊት ደቡብ አፍሪካ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ አሁን ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። በሕይወት እንዳለ፣ ሱቅ እንደከፈተ፣ ልጅ እንደወለደ የሰሙት ከሰው ነው።

ዙህራ ማመልከቻውን በሞላችበት ሳምንት አራት ኪሎ ታክሲ ስትሳፈር ስልኳን መነተፏት። ቅጹ ስልክ ቁጥር ስለሚጠይቅ የአባቷን ጻፈች። በኋላ ሌላ ስልክ ብትይዝም ቁጥሩን መቀየር ትዝ አላላትም። ቢደወልላቸው ይነግሯት የለም? አባቷ አይደሉ?

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ተጋመሰ። አብሯት ያመለከተ የክፍሏ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ሄዶ መጣ። ዙህራ ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ወደሚገኘው የስኮላርሺፑ ቢሮ ሄደች። አይናዲስ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ስሟን ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፤ አነበበችው፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት።

«አለፍኩ?» ዙህራ ባንኮኒው ላይ ተንጠለጠለች።

«ኧረ ስለ ጋብቻሽ ነው። ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደውለናል። ‹ቤተሰብ አነሳ፤ አመልካቿ ትዳር ስለያዘች ትታዋለች› ይላል።»

«ማን ነው ያገባኝ?»

አይናዲስ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ዙህራ ቀለበት የሌለባቸውን አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻት። ትንፋሽ እስኪያጥራት ተናገረች። አይናዲስ ውስጥ ገብታ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋግራ ስትመለስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቃለ መጠይቁ ስም ዝርዝር ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የአንቺ ቃል ብቻ አይበቃም ብለዋል። ያንን ያለው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ያለ አንቺ ፈቃድ እንደተናገረ ይፈርም» አለቻት።

ዙህራ የቸርችልን ዳገት እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ሰው ትገፋለች፣ ይቅርታ አትጠይቅም። ስልኩ አባቷ ጋ ነው፤ አባቷ ግን ሥራ ሲይዙ ባንኮኒው ላይ ጥለውት ነው የሚውሉት፤ ሲጮህ የቀረበው ያነሳዋል። የሠርግ ቀልድ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ሱቁ ስትገባ ፍቅሬ ጨርቅ እየቆረጠ ነበር። አንድ ደንበኛ በግማሽ የተሰፋ ኮት ለብሶ መስተዋት ፊት ቆሟል። አባቷ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ጋሽ ፍቅሬ» አለች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «ዳርከኝ አይደል?»

«ምን አልሽ?»

«ቀልድህ አላልቅ ብሎህ በስልክ ዳርከኝ! ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ለሳቅ አደረግኸው! አንተ ሰው ነህ? በሰው ልጅ ዕድል የሚጫወት ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ልጅ የለህ፣ ትዳር የለህ፣ የሰው ልጅ ሲያልፍለት ማየት አንገበገበህ?»

ደንበኛው ዞሮ አያት፤ ወዲያው መልሶ መስተዋቱን አየ። ፍቅሬ መቀሱን ጨርቁ ላይ እንደ ከፈተው ቀረ። ልጅ የለህ የሚለው ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። ቀስ ብሎ ወደ አባቷ ዞረ።

«ጋሼ» አለ፣ «እርስዎ ይናገራሉ ወይስ ስድቡን ጠጥቼ ልጨርሰው?»

መኪናው ቆመ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ አብዱልሃኪም፣ ቀና ሳይሉ።

«ምኑ?»

«ያነሳሁት። አግብታለች ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ቅድም ቢሮ ውስጥ የነደደችው፣ ዳገቱን ስትወጣ የነደደችው፣ ሁሉም ቀልድ ሆነባት። አባቷ ንጹሑን ሰው ስታዋርደው ተቀምጠው አዳምጠዋል፤ ፍቅሬ ባይጠይቃቸው ኖሮ እስከ መጨረሻው ዝም ሊሉ ነበር።

«ለምን?»

«ሱሀይብም ሲሄድ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለኝ።»

«እኔ ሱሀይብ ነኝ? እሱ ለጠፋው እኔን ታስረኛለህ?»

«ሱቁ ሄደ፣ ጎረቤቱ ተበተነ፣ ልጁ ሄደ። አንቺን ደግሞ ‹እሺ፣ ውሰዷት› ልበል?»

«ልትከለክለኝ ከፈለግህ ዓይኔን እያየህ አትከለክለኝም? እንጣላ ነበር! እጮህ ነበር! ከኋላዬ ለምን?»

ግድግዳው ላይ በነጭ ክር የተያያዘ፣ ገና ያላለቀ ካፖርት ተሰቅሏል። ለእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት «እዚያ ክረምቱ ዝናብ ነው አሉ» ብለው፣ እጅሽን አንሺ፣ ዙሪ፣ ቀጥ በይ እያሉ ነበር የለኳት። ያኔ ከቢሮው ከተደወለላቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ይህን ስታስብ የቀራት ትዕግሥት ተሟጠጠ። ካፖርቱን ከማንጠልጠያው መንጭቃ መኪናቸው ላይ ወረወረችው።

«ይኼን ለሙሽራዋ ይስጡልኝ» አለች። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

አባቷ ቀና ያሉት ያኔ ነው። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንተ እንጂ እርስዎ ብላቸው አታውቅም።

ማታ እናቷ ጉዳዩን ሲሰሙ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «እኔም ያንን ስልክ ባነሳ ምን እንደምል አላውቅም» አሉ። ዙህራ ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ አቶ አብዱልሃኪም ቀድመዋት ደርሰው ነበር። ለኢድ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አይናዲስ «አባባ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችላቸው፤ እሳቸው አልተቀመጡም። ከኋላቸው አምስት ስድስት ተማሪዎች ወረፋ ይዘዋል።

«ያን ዕለት» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ስልኩ በደንብ አልተሰማኝም ነበር።»

አይናዲስ እስክሪብቶዋን አነሳች። እንዲህ ብላ ብትጽፈው ነገሩ በሰላም ባለቀ ነበር። ዙህራ ግን «አይደለም» አለች። «ተሰምቶዎታል።»

አባቷ አዩዋት፤ ልጃቸው ታድናቸው እንደሆነ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። አላዳነቻቸውም።

«ዋሽቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ አላገባችም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

ሲፈርሙ መስመሩን ሳቱና ሰርዘው እንደገና ጻፉ። ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ መስመር ያልሳተ እጅ ነው። ዙህራ አየችው። አንጀቷን ሊበላት የሚገባ ነገር እንደሆነ አልጠፋትም፤ አለመብላቱ ግን ራሷንም አስደነገጣት፤ ለዚያም ተናደደችባቸው።

ቃለ መጠይቁን በሚቀጥለው ሰኞ ተፈተነች። ውጤቱ ሐምሌ ላይ ሲመጣ ማለፏን መጀመሪያ የነገረችው ለፍቅሬ ነው። ሱቁ ሄዳ አባቷ ባሉበት ፊቱ ቆመች።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ አፉ በለኝ። የማይባል ነገር ነው ያልኩህ።»

ፍቅሬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እያስተካከለ ትንሽ አሰበ። «ስድቡስ ጥሩ ነበር» አለ፤ «አድራሻው ነው የተሳሳተው።» ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣ «ልጅ የለህ ያልሽው ግን አሞኛል» አላት። ዙህራ አንገቷን ደፋች። አፉ እስኪላት ጠበቀች፤ አላት። አባቷ ወደሳቸውም ትዞር እንደሆነ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁ ነበር። «ደህና ዋሉ» ብላቸው ወጣች።

መስከረም ላይ ኤርፖርት ሲሸኟት እናቷን አቅፋ አለቀሰች። የአባቷን እጅ ሳመች፤ ማንም ልጅ የሚያደርገውን አደረገች፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

«ደውይ» አሏት።

ሻንጣዋን እየገፋች ገባች።

ኢዝሚር ከደረሰች ይኸው ስምንተኛ ወሯ ነው። መስኮቶቹ በፎቶው ላይ ካየቻቸው ጋር በቁጥር ያው ናቸው፤ ግማሾቹ ግን አይከፈቱም። በየጁምዓው ለእናቷ ትደውላለች። ፈተና ቢኖርባት፣ ትኩሳት ቢይዛት፣ አንድም ጁምዓ አጓድላ አታውቅም። ወይዘሮ ካሚላ ለጎረቤት «ናፍቆቷ አላስቀምጥ ብሏት ነው» ይላሉ። ናፍቆትም አለበት። ግን ቁጥሩን ስትመታ ጥርሷን ነክሳ ነው፤ የሄደ ሁሉ እንደማይጠፋ፣ ያ ውሸት ጭራሽ ሳያስፈልግ የተዋሸ እንደነበር፣ በየሳምንቱ አባቷን ልታስቆጥር።

ባለፈው ጁምዓ እናቷ፣ «አባትሽ አጠገቤ ነው። ልስጠው?» አሏት።

መስመሩ ላይ የሳቸው ትንፋሽ ይሰማታል።

«ደህና ነኝ በይው» አለች ዙህራ።