ሁለተኛው ሰንሰር

ኦብሴ ቀን መካኒሳ ባለችው ጠባብ ሱቋ የሙሽራ ቀሚስ፣ ሲመሻሽ ለቡ ያለው ቤቷ ገብታ የአውሮፕላን ክንፍ ትሰፋ ነበር።

አውሮፕላኑ የባሏ የቶሌራ ነው። ቶሌራ ሀና ማርያም አካባቢ የሚኒባስ ሞተር የሚጠግን መካኒክ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ጤፍ በሚዘሩበት ማሳ ዳር ተንጋሎ፣ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖችን ሆድ እያየ አደገ። ማሳው ላይ ሕንፃ ሲበቅል፣ በቀረችው ግቢ ውስጥ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ሞተር፣ የአሉሚኒየም አጽም፣ ሁለት መቀመጫ። ጎረቤቱ አበደ እያለ ያማዋል። ኦብሴ ግን እንዲያ ብላ አታውቅም። የክንፉ ጨርቅ በመዳፏ ሥር ሲወጠር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ አሁን ነፋስ የሚለብሰውን የምትሰፋ ይመስላታል። መርፌውን እንደያዘች ፈዝዛ ትቀራለች።

ክንፉ ያለቀ ዕለት ቶሌራ፣ «ሁለተኛው መቀመጫ ያንቺ ነው» አላት።

ኦብሴ ሞተሩን ዞራ አየችው። «ሰማይ ላይ ሆነን ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?»

«በዘይቱ ግፊት። ይቺ ሰንሰር ግፊቱን ትለካለች፣ ጌጁ ያሳየናል። ግፊቱ ከጠፋ የሞተሩ ብረት ከብረት ተናክሶ ይቆማል።»

«ሰንሰሯ ራሷ ብትበላሽስ?»

«አዲስ ናት እኮ።»

«የኔም ክር አዲስ ነበር። ግን ሁለት ጊዜ ነው የሰፋሁት።»

ቶሌራ ቅር አለው። ክብደት ለመቀነስ የመቀመጫውን ብረት ሳይቀር የሞረደ ሰው ነው፤ ሌላ ሰንሰር፣ ሌላ ሽቦ ጨምር ሲሉት ይከብደዋል። ሆኖም አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ የዘይቱን መስመር ከፍቶ፣ ሁለተኛ ሰንሰር የሚያስገባ መጋጠሚያ ሲያጠብቅ አገኘችው።

«ሁለት መሆናቸው ብቻ አይበቃም» አላት ቀና ሳይል። «በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ባትሪ ካሠራኋቸው አብረው ነው የሚሞቱት።»

ስለዚህ ለሁለተኛው የራሱን ትንሽ ባትሪ፣ የራሱን ፊውዝና የራሱን ጌጅ ሰጠው። የአንዱን ሽቦ በቀኝ፣ የሌላውን በግራ በኩል አሳለፈ። ኦብሴም ከክንፉ በተረፈ ክር ሽቦዎቹን በየቦታው እየቋጠረች አሰረቻቸው። አመሻሹ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ ግቢው ራሱ ቀስ ብሎ ከመሬት የሚላቀቅ መሰላት።

እሑድ ከሰዓት ጎማዎቹን በድንጋይ አግደው፣ ጭራውን ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስረው ሞተሩን አስነሱ። ኦብሴ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ናት። ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ ፈጥኖ ከዓይኗ ጠፋ፤ በቦታው ብርሃን ብቻ ቀረ። የጎረቤት አንሶላ ገመዱ ላይ ተነፋ።

ድንገት የቀኙ ጌጅ ወደ ዜሮ ወደቀ። የቶሌራ እጅ ወደ ማጥፊያው ተወረወረ።

«የግራው አልወደቀም» አለች ኦብሴ።

ቶሌራ አየው። መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። ቢሆንም መሬት ላይ ናቸውና ሞተሩን አጠፋው። ዘይቱን ለካ፤ ሙሉ ነው። ከጋራዥ ባመጣው ሌላ መለኪያ ፈተሸ፤ ግፊቱ ደህና ነው። የሞተችው ያቺ «አዲስ ናት» ያላት የመጀመሪያዋ ሰንሰር ነበረች።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አንዷን ብቻ ይዤ ብበር ኖሮ፣ ደህናውን ሞተር አጥፍቼ ያገኘሁት ሜዳ ላይ ለመውረድ እታገል ነበር።»

«ሁለቱም አብረው ቢወድቁስ?»

«ያኔ እናምናቸዋለን፤ መውረጃ እንፈልጋለን።»

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ዘይት የነካ እጁን ያዘችው።

ሰንሰሯ ተቀየረች። የመብረሪያ ፈቃዱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ቶሌራ እየተመላለሰ ይጠይቃል። እስከዚያው እሑድ እሑድ ጭራውን አስረው ሞተሩን ያስነሳሉ። ሁለቱ ጌጆች እኩል ሲቆሙ፣ ኦብሴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠቅልላ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ባለፈው ሳምንት ቶሌራ በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮክ ብሎ፣ «የት ደረስን?» አላት።

«ዝቋላን እያለፍን ነው» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

እሱም ተራራው አናት ላይ ያለውን ሐይቅ ለማየት ቁልቁል ጎንበስ አለ።