«ብያለሁ» እስኪል ድረስ

ባለፈው ሳምንት አቀስታ ውስጥ፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት፣ የተማሪዎቼን ድርሰት አርም ነበር። «ተማሪ ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚል ርዕስ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ልጅ «ስልክ ይከልከል የሚሉ ሰዎች ተማሪ የሚጠሉ ናቸው» ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የተናደድኩት በልጁ አይደለም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እኔም በእሱ ዕድሜ፣ መካነ ሰላም፣ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ።

ያኔ ከዘሪቱ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ሁለታችንም የገጠር ልጆች ነን፤ የእሷ አገር ግን ሩቅ ነው፤ ሸለቆ ተወርዶ ይወጣል። በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ልታመጣ ትሄዳለች። እናቷ ብቻቸውን ስለሚኖሩ እሑድን እንጨት ስትለቅም፣ ውሃ ስትቀዳ ትውልና ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች። ሽሮ፣ ድርቆሽና የባቄላ ቆሎ አዝላ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። ዝናብ ሲጥል ጋቢዋን ድርቆሹ ላይ ጠቅልላ እሷ በስብሳ ትመጣለች።

«አብሽሪ፣ እኔ እደርቃለሁ» ትለኝ ነበር። «ድርቆሹ ከራሰ ግን ምን ልንበላ ነው?»

ሰኞ ሰኞ እያረፈደች ነው ተብሎ ስሟ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ተወሰነ።

በዚያው ሰሞን የአማርኛ መምህራችን ስለ ክርክራዊ ድርሰት ያስተምሩን ነበር። አቋምህን ግለጽ፣ ማስረጃ አቅርብ፣ የተቃራኒህን ሐሳብ አንሥተህ መልስ ስጥ፣ ከዚያ ደምድም። እጄን አወጣሁና «ስለ በሩ እንጻፍ?» አልኩ።

«ርዕሱ ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል የሚለው ነው» አሉ። «በሩ ፈተና ላይ አይመጣም።»

እኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የገጠሩን ንጹሕ አየር እያደነቅን ስንጽፍ፣ ከገጠር የመጣችው ዘሪቱ ከአጥሩ ውጪ ቆማለች። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጉዳዩ በወላጆች ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የዘሪቱ እናት መናገር ስለከበዳቸው በእሳቸው ፈንታ እኔ እንድናገር ተፈቀደልኝ። ሰብሳቢው አያ ይማም ናቸው፤ በሽምግልና የታወቁ አዛውንት። ዱዓ አድርገው ስብሰባውን ከፈቱ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ደንቡ ተናግረው ሲቀመጡ እኔ ተነሣሁ።

«እሳቸው የሚሉት የገጠር ልጅ አይማር ነው» ብዬ ጀመርኩ።

አያ ይማም ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። «ቆዪ ልጄ። በእኛ ሽምግልና የባላጋራውን ቃል አስተካክሎ ያልመለሰ የራሱን አይናገርም። ባለቃሉ ‹ብያለሁ› ሲል ያን ጊዜ ነው ተራሽ። በይ፣ ምን አሉ?»

«የገጠር ልጅ ሰነፍ ነው አሉ።»

«አላልኩም» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ስለ እናንተ ግድ የለኝም አሉ።»

«አላልኩም።»

«ይቺ ልጅ ጆሮዋን ቤት ትታው ነው እንዴ የመጣችው?» አለ አንድ ወላጅ ከኋላ። ተሳቀ።

ጓደኛዬን የበደለ ሰው ያለውን አሳምሬ መድገም እንደ መሸነፍ ሆነብኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ «በሩ የሚዘጋው አርፋጅ እየገባ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትምህርት እንዳይረብሽ ነው፤ ብለዋል» አልኩ።

«ብያለሁ።»

ነገሩ የታየኝ በራሴ አፍ ስደግመው ነው። ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትምህርት የለም። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀልና ርዕሰ መምህሩ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ፀጉር አቆራረጥ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት እየተናገሩ ደወሉ ይደወላል።

«እንግዲያው ሰኞ አርፋጅ የሚረብሸው የእሳቸውን ንግግር ነው» አልኩ። «ዘሪቱ አንድም ትምህርት አልረበሸችም። ያረፈደችው ስንቋን ተሸክማ ሩቅ መንገድ ስለመጣች ነው።»

አሁን የተሳቀው በእኔ አልነበረም። አያ ይማም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «በሉ፣ እርስዎም የልጅቷን ቃል ይመልሱ።»

«እኔ ከተማሪ ጋር ቃል አልመላለስም» አሉና እግራቸውን አነባበሩ።

ለእኔ የተነሣችው ከዘራ ለእሳቸው አልተነሣችም። አያ ይማም ጢማቸውን ዳሰሱና ወደ ውሳኔው አለፉ። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ሰኞ ሰኞ በሩ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍት እንዲሆን ተስማሙ።

«ዘሪቱስ?» አልኩ።

«ደንብ ወደ ኋላ አይሠራም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። የተቃወመ የለም።

ዘሪቱ በማግስቱ ዕቃዋን ሰበሰበች። ሽሮውን ለእኔ ተወችው። «በሩ ተከፈተ አይደል?» አለችኝ። «አንቺ ግቢበት እንግዲህ።» በሚቀጥለው ዓመትም አልተመለሰችም።

በልጁ ወረቀት ግርጌ «ስልክ ይከልከል የሚል ሰው ፈልግ፤ ያለውን መልስለት፤ ‹ብያለሁ› እስኪል ድረስ አትቀጥል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሌ ውስጥ ይህ ደንብ ነው፤ ለእኔም ይሠራል። ተማሪ ቅሬታ ሲያቀርብብኝ መጀመሪያ ያለውን እመልስለታለሁ፤ የመጣልኝን መልስ እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ።

ሰዎች በሩ ሰኞ ሰኞ እስከ ዛሬ ክፍት ነው ይሉኛል፣ አሸንፈሽ የለም ወይ ይሉኛል። ርዕሰ መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል። መካነ ሰላም ስሄድ አንዳንዴ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ «መምህርት ሆንሽ አሉ፣ ጎበዝ!» ይሉኛል። እጅ ነሥቼ አልፋለሁ። የምጠብቀው ምስጋና አይደለም። «ዘሪቱ ያረፈደችው ስንቋን ተሸክማ ሩቅ መንገድ ስለመጣች ነው፤ ብለሽ ነበር» እንዲሉኝ ነው።

እኔም «ብያለሁ» እንድል።