በእንጨት ፈረሶች ሆድ ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። አንደኛው አቤል ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምር ነገረኝ። አብራው የመጣችው ልጅ ተማሪው ናት፤ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። «እማማ ከድጃ፣ ከድሮዎቹ የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች አንዱ እርስዎ ጋ ቀርቷል ሲባል ሰምተን ነው» አለኝ። ከማን እንደሰማ ጠየቅኩ። ማን እንደላካቸው ጠየቅኩ። መታወቂያውንም ተቀብዬ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየሁ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ ሰው በሬን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ «ምን ሊወስድ መጣ?» የሚል ነው። ልጆቼ በዚህ ሲስቁብኝ ኖረዋል።

ፈረሱ ሳሎን ጥግ ነው የሚቆመው፤ የልጅ ልጆቼ ጃኬት ይሰቅሉበታል። አቤል ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ የፈረሱን ሆድ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ለጠፈበት።

«ምን ፈልገህ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ልጁ ደንግጦ ብድግ አለ። እኔም በገዛ ድምፄ ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ያንኑ ኳኳታ እዚያው ሆድ ላይ ሰምቼ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጥያቄውን ሳልጠይቅ በሆዴ ያዝኩት።

አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ፣ ዲላ ላይ በትንሽ ሱቅ ጀምሮ፣ ሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪና እስከ መያዝ የደረሰ ሰው ነበር። ፈረሶቹን ያገኛቸው ቡና ይገዛ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ለልጆቹ ብሎ ከአገሩ በመርከብ አስመጣቸው፤ ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበሩ ይባላል። አገር ለቆ ሲሄድ ለአባቴ ተወለት። ስምንት ነበሩ። በአንድ ሰፊ ክብ ጣውላ ላይ ተተክለው፣ መኪናዎቹ በሚያድሩበት ግቢ ቆመዋል፤ ለዒድ፣ ለመስቀልና ለጌዴኦ ዘመን መለወጫ ለዳራሮ ሁለት ጉልበተኛ ወዛደሮች እየገፉ ያዞሯቸዋል። ከወናጎ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ሳይቀር ነበር። አንድ ጊዜ ተቀምጦ ለመዞር ግማሽ ቀን የሚሰለፍ አውቃለሁ።

በእጅ የተቀረጹ ስለነበሩ ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም። አንዱ ጥርሱን አግጧል፤ አንዱ አንገቱን ሰብሮ መሬት መሬት ያያል። ዓይናቸው መስታወት፣ ጭራቸው የእውነት የፈረስ ጭራ ነው። ወደ ውጭ የሚታየው ጎናቸው አበባና ዘርፍ ተቀርጾበት ያጌጠ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የዞረው ጎናቸው ግን እንደ ነገሩ የተሠራ ነው። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ተናደድኩ። የት አገር እንደሚኖር እንኳ የማላውቀውን ቀራጭ «ማን ያየኛል ብሎ ነው» ብዬ በልቤ በአታላይነት ከሰስኩት። ዕድሜዬ ለጋ ቢሆንም ጥርጣሬዬ የበሰለ ነበር።

በከተማው ደግሞ አንድ የቆየ ወሬ ነበር። ፈረንጁ ወርቁን ይዞ መውጣት ስላልቻለ ከአንዱ ፈረስ ሆድ ውስጥ ደብቆት ሄዷል የሚል። አባቴ ይህን ሲሰማ «ወርቅ የዋጠ ፈረስ እንዲህ ይቀላል እንዴ?» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ሆዳቸውን አያለሁ።

አንድ መስከረም ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣበት ሳለ የአንዱ ፈረስ እግር ከጉልበቱ ተሰበረ። ልጅቷ ደህና ነበረች። ከስብራቱ ግን እንደ በሶ የደቀቀ ዱቄት ፈሰሰ። አባቴ ወዲያው ከወናጎ ጋሽ በራሶን አስጠራ። ጋሽ በራሶ ከዋንዛ በርና አልጋ የሚሠራ፣ እጁ የተመሰገነ የጌዴኦ አናጺ ነበር። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ በመሆኑ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ዝምታ ያበዛል። ዝምተኛ ሰው ደግሞ እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል።

መጥቶ ስምንቱንም በየተራ ሆዳቸውን አንኳኳ። ካንኳኳ በኋላ ጆሮውን ለጥፎ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ አባቴን «ፈረንጁ አብልጦ የሚወደው የትኛውን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። እኔ መስኮት ስር ሆኜ ስሰማ ጆሮዬ ቆመ።

«ሁሉም ታሟል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ቤት ነው የሚድነው። እስክጠራ ማንም አይመጣም።»

«ለምን አይመጣም?» አልኩት ብቅ ብዬ።

«ያላለቀ ሥራ አይታይም፣ ልጄ። አንተ ጠብቅ።»

በየገበያው ቀን አንድ ፈረስ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ በቃጫ ገመድ ጠፍሮ፣ ተሸክሞ ይሄዳል። በሦስት ሳምንት ሦስት ፈረስ ሄደ፤ አንድም አልተመለሰም። መቼ እንደሚመለሱ ሲጠየቅ «ገና ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አባቴ አመነው። በቤቱ አንድ ሰው እንኳ ነቅቶ መጠበቅ አለበት ብዬ ያንን ሥራ ለራሴ ሰጠሁ።

ኅዳር ሲገባ ይርጋጨፌ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁና ወናጎ ላይ ወረድኩ። የቡና ለቀማ የደራበት ሰሞን ነበር። አየሩ ኮምጠጥ ያለ የተፈለፈለ ቡና ገለባ ይሸታል። ቀዩ ጭቃ መድረቅ ስለጀመረ ጫማዬ ላይ እንደ ጡብ ተጋግሯል። ሸንኮራ እየላጥኩ ወደ ጋሽ በራሶ ቤት ሽቅብ ወጣሁ። ያገኘኋቸው ሴቶች ቤቱን እያሳዩ «ቤት ናቸው፣ ግቢ» አሉኝ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ ተመለከትኩ። ፈረሱ ከምድጃው በላይ በገመድ ተሰቅሏል። ጢስ ይከበዋል። የሆዱ ጣውላ ወልቆ፣ ጋሽ በራሶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከቶ ይፈትሻል። አንድ ነገር ዘግኖ አወጣ። በቅጠል ላይ ዘርግቶት ወደ ብርሃኑ ጠጋ አለና ዓይኑን አጥብቦ መረመረው። አሁን ምን ልበል? ወርቅ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። በሕይወቴ ምንም ያልተጠራጠርኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከኋላዬ ሚስቱ እንሰት ተሸክማ ደረሰች። ፈገግ ብላ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለችኝ፤ ቋንቋውን ባላውቅም እጇ ወደ በሩ እያመለከተ «ግቢ» እንደምትለኝ ገባኝ። እኔ ግን ሮጥኩ።

ወናጎ መንገዱ ላይ የአባቴ ሾፌር ወደ ዲላ ሲመለስ አገኘኝና ጫነኝ። አባቴ ጋ እስክደርስ መቻል አቅቶኝ ያየሁትን ሁሉ ለሾፌሩ ዘረገፍኩለት። ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። «ወላሂ» አለ። በማግስቱ ዲላ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

ቅዳሜ ነገሩን ሊያጣራ ግቢያችን አቮካዶው ስር ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ በራሶ በቅጠል የተቋጠረ ነገር ይዞ መጣ። ቋጠሮውን ፈትቶ መሐል ላይ አኖረው። ዱቄትና የደረቁ ነጫጭ ትሎች ነበሩ።

«ወርቁ ይኼ ነው» አለ። «እንጨቱን ከውስጥ ነው የሚበሉ። ሳንኳኳ የተበላው ድምፁ ሌላ ነው። እኛ ቤት ሊቆይ የተፈለገ ሁሉ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። ጢስ ትሉን ይገድላል፤ ከውስጥ ካልተጠረገ ግን እንቁላሉ ይቀራል። ፈረንጁ የሚወደውን የጠየቅኩ፣ ብዙ የተቀመጡበት ቶሎ ስለሚሰበር ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አንገቱን ደፋ። ጋሽ በራሶ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ልጄ፣ ደጄ መጣህ። ሚስቴ ግባ አለህ። ለምን አልገባህም? ብትገባ ቆጮ ትበላ ነበር። ትጠይቀኝ ነበር። እኔም አሳይህ ነበር።»

አባቴ ስለ እኔ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ከመኪናዎቹ ግቢ በኩል መጥረቢያ እንጨት ሲፈልጥ ተሰማ።

ሁላችንም ሮጥን። ስንደርስ አምስቱም ፈረሶች ተፈልጠው ነበር። የአባቴ ወዛደሮች፣ የገበያ ሰዎች፣ የማውቃቸው ጎረቤቶች ስብርባሪ ውስጥ ተንበርክከው ይበረብራሉ። ያ አንገቱን ሰብሮ መሬት የሚያየው ፈረስ ከደረቱ ለሁለት ተከፍሎ ወድቋል። ሆዱ ባዶ ነበር። የሁሉም ሆድ ባዶ ነበር። አንድ ሰው ላቡን እየጠረገ «እንግዲያው ከተወሰዱት ሦስቱ ውስጥ ነው ያለው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ጋሽ በራሶም ሰማ። አንድ የወደቀ የፈረስ ጭንቅላት አንስቶ አቧራውን በጋቢው ጠረገለትና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠዋት በራችን ላይ ሦስት ፈረሶች ቆመው ተገኙ። ጢስ አጥቁሯቸዋል። የተሰበረው እግር በዋንዛ ተተክቶ መጋጠሚያው በጣት ቢዳሰስ አይታወቅም። ዘበኛችን «ጋሽ በራሶን ይግቡ አልኳቸው፤ እምቢ ብለው ሄዱ» አለኝ። አባቴ ወናጎ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አልሄድኩም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ብዛት ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። የዲላ ሰው «ወርቁ አናጺ» የሚል ስም አወጣለት። ገንዘብ ቢያገኝ ከፈረሱ ሆድ ነው፣ ቢቸገር ደብቆ ነው አሉት። ያንን ስም ይዞ እንደሞተ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ሦስት ፈረስ ደግሞ አይዞርም። አንዱን ለሆቴል ሰጠነው፤ ሆቴሉ ሲፈርስ የት እንደገባ አልታወቀም። አንዱ ሲቃጠል ይኼኛው ቀረ።

አቤል ከድንጋጤው ሲረጋጋ «ነቀዝ ይኖረው እንደሆነ እየሰማሁ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ምንም የለበትም። ዲላ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው እንጨት በዚህ ዓይነት ጤንነት አይቼ አላውቅም። ማን ነው እንዲህ ያከመው?» ከፈረሱ ታሪክ ጋር ያከመው ሰው ስም ተጽፎ ለሕዝብ እንዲታይ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ደብተሩን አወጣ።

«በራሶ። የወናጎ አናጺ። ሌባ አልነበረም፤ እንደዚያው አድርገህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ።

«ሌሎቹ ተፈልጠዋል ሲባል ሰምተናል፤ ማን ሰበራቸው?»

«እኔ።»

ሳቀ። «እማማ ደግሞ ይቀልዳሉ!» ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። ደብተሩን ወደ እኔ አዙሬ አየሁ። «ያልታወቁ ሰዎች» ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበልኩና ሰርዤ፣ ስሜን ከነአባቴ ራሴ ጻፍኩበት።